ኦዝቦርን፦ ንግሥት ቪክቶሪያ በገዛ ገንዘባቸው የገዙት የባሕር ዳር ቤት እንዴት የመንግሥት ሆነ?

የእንግሊዝ ንጉሥ የሚኖርበት ቤት ሁሉ የንጉሡ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ሁሉም የመንግሥት ነው የሚልም አይጠፋም። እውነቱ ከሁለቱም ይለያል፤ ይህንንም ለመረዳት በዋይት ደሴት ላይ ከተሠራው ኦዝቦርን ከተባለው ቤት የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ቤቱን የገዙት ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ናቸው። ከመንግሥት እጅ ለመራቅ ብለው የገዙት ይህ ቤት፣ ንግሥቲቱ በሞቱ በዓመቱ ልጃቸው ለመንግሥት አስረክበውታል። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ደግሞ የእኛው ሰው፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በዚያው ቤት ለንግሥቲቱ ቀርቧል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋይት ደሴት ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ ከፖርትስመዝና ከሳውዝሃምፕተን ወደቦች ትይዩ ትገኛለች። ከዋናው ምድር የሚለያት ጠባብ ባሕር ሶለንት ይባላል። ኦዝቦርን ያለው በሰሜናዊው ዳርቻዋ፣ ኢስት ካውዝ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ወደ ባሕሩ ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የባለቤትነቱን ነገር እናፍታታው። በብሪታንያ ሥርዓት ንጉሡ ሁለት ዓይነት ቤት አላቸው። አንደኛው የዘውዱ ቤት ነው። የበኪንግሃም ቤተ መንግሥትና የዊንድሰር ግንብ የዚህ ዓይነት ናቸው። እነዚህን ንጉሡ ይኖሩባቸዋል እንጂ ሊሸጧቸው ወይም ለወደዱት ልጅ ሊያወርሷቸው አይችሉም፤ ዘውዱ ወደ ማን ቢያልፍ ቤቶቹም አብረው ያልፋሉ። የጥገናቸው ወጪ የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እጃቸውን ያስገባሉ። ሁለተኛው ዓይነት ንጉሡ እንደ ማንኛውም ባለሀብት በገዛ ገንዘባቸው የገዙት የግል ርስት ነው። ይህን በኑዛዜ ማውረስም፣ መሸጥም፣ መስጠትም ይችላሉ።

ይህ ሁለተኛው መብት ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። ዳግማዊ ጆርጅን የተኩት ሣልሳዊ ጆርጅ በ1760 ሲነግሡ ከዘውዱ መሬቶች የሚገኘውን ገቢ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ለቀቁ፤ በምትኩ ፓርላማው በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ሊቆርጥላቸው ተስማማ። ችግሩ፣ ንጉሥ የገዛው መሬት እንደ ዘውዱ መሬት ስለሚቆጠር ከራሳቸው ኪስ አውጥተው የገዙትንም እንደፈለጉ ሊያደርጉት አለመቻላቸው ነበር። በ1800 የወጣ ሕግ ነው ነገሥታት የግል ርስት ይዘው በኑዛዜ እንዲያወርሱ የፈቀደው። በ1862፣ ማለትም በቪክቶሪያ ዘመን፣ የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አጠናከረው። ኦዝቦርን የተገዛው በ1800ው ሕግ በተከፈተው በር ነው።

ለመሆኑ ስንት ቤተ መንግሥት ያላት ንግሥት ሌላ ቤት ለምን አስፈለጋት? ቪክቶሪያ በ1837 ሲነግሡ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበሩ። በ1840 ጀርመናዊውን ልዑል አልበርትን አገቡ፤ ልጆችም በላይ በላዩ መወለድ ጀመሩ፤ በመጨረሻ ዘጠኝ ሆኑ። አልበርት ቤተ መንግሥቱን ሲገቡበት ያገኙት አሠራር ሥርዓትን ለሚወድ ሰው የሚያሳብድ ነበር። የምድጃውን እንጨት የሚደረድረው በአንድ ሹም ሥር ያለ አገልጋይ ሲሆን እሳቱን የሚለኩሰው በሌላ ሹም ሥር ያለ ነው። መስኮቱን ከውስጥ የሚያጸዳው የአንድ ክፍል ሠራተኛ፣ ከውጭ የሚያጸዳው የሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ሁለቱ በአንድ ቀን ካልተገናኙ መስኮቱ ጠርቶ አይታይም። ከግንቡ ውጭ ያለው ሥራ በደንና በመንግሥት መሬት መሥሪያ ቤት ሥር ስለሆነ፣ የአትክልት ቦታን ለማስተካከል እንኳ ከቢሮ ቢሮ መጻጻፍ ያስፈልግ ነበር። ቪክቶሪያ ኦዝቦርንን ባገኙ ጊዜ ለአጎታቸው ለቤልጅጉ ንጉሥ ለቀዳማዊ ሊኦፖልድ በጻፉት ደብዳቤ የተደሰቱበትን ምክንያት ሲገልጹ ይህንኑ መሥሪያ ቤት በስሙ ጠርተው፣ ከእርሱና ከመሰሎቹ ነፃ የሆነ የራስ ቦታ ማግኘት እንዴት እንደሚያስደስት ነግረዋቸዋል።

የባሕር ዳር ቤት ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም ማለት አይደለም። አጎታቸው ራብዓዊ ጆርጅ በብራይተን ከተማ ያሠሩት፣ ጉልላቶቹ የሕንድ ቤተ መንግሥት የሚመስሉ ታዋቂ ቤት ነበር። ነገር ግን ብራይተን ከተማ ነው። በ1841 የባቡር ሐዲድ ከለንደን ሲደርስለት ደግሞ የሰው ጎርፍ ወረደበት። ንግሥቲቱ በእግራቸው ሲወጡ ሰው ይከተላቸዋል፤ ልጆች ከባርኔጣቸው ሥር አጎንብሰው ፊታቸውን ለማየት ይጋፋሉ። ከቤቱ ውስጥ ሆኖ ደግሞ ባሕሩ በአግባቡ አይታይም። ቪክቶሪያ ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱበት በ1845 ነው፤ ቤቱ በ1850 ለከተማው አስተዳደር ተሸጠ። የሽያጩ ገንዘብ የበኪንግሃምን ቤተ መንግሥት ለማስፋፋት ዋለ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ ይሏል፤ የብራይተኑ ቤት የዘውዱ ስለነበር ገንዘቡም የሄደው ወደ ዘውዱ ቤት ነው፤ ለኦዝቦርን ሊውል አይችልም ነበር።

ዋይት ደሴት ለቪክቶሪያ እንግዳ አገር አልነበረችም። በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር በኦዝቦርን ጎረቤት ባለው በኖሪስ ግንብ የበጋ ዕረፍት አሳልፈዋል። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ሮበርት ፒል ርስቱ ሊሸጥ እንደሚችል ሰምተው ጠቆሟቸው። ባልና ሚስቱ ጥንቁቆች ነበሩ፤ መጀመሪያ በ1844 ከባለቤቷ ከሌዲ ኢዛቤላ ብላችፎርድ ለሙከራ ተከራዩትና ስለወደዱት በ1845 ገዙት። ገንዘቡ የመጣው ከየት ነው? ፓርላማው ለቪክቶሪያ በዓመት 385,000 ፓውንድ ይከፍላቸው ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 60,000 ፓውንዱ ለግል ወጪያቸው የተመደበ ነው። በተጨማሪም ላንካስተር ከተባለው ከጥንት ጀምሮ የነገሥታት ከሆነው ርስት ገቢ ያገኛሉ። አልበርት ያን የተዝረከረከ የቤተ መንግሥት አስተዳደር አስተካክለው ብክነቱን ስለቀነሱ ቁጠባ ተገኘ። ቤቱ የተገዛውና የተሠራው ከዚህ ነው፤ ፓርላማውን ለግንባታ ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቁም። በ1840ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ረኃብና ሥራ አጥነት በነበረበት ጊዜ ይህ ትልቅ የፖለቲካ ብልህነት ነበር። ራብዓዊ ጆርጅ በብራይተን ያፈሰሱት ገንዘብ ሕዝቡን ምን ያህል እንዳስቆጣ አልበርት ያውቁ ነበርና።

አሮጌው ቤት ለቤተሰቡ ጠባብ ሆነ። አልበርት ስመ ጥር የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ከመቅጠር ይልቅ ቶማስ ኪውቢት የተባለውን የለንደን ሕንፃ ተቋራጭ ጠሩ። ኪውቢት የአናጢ ልጅ ሲሆን፣ ቤልግሬቪያ የተባለውን የለንደን የባለጸጎች ሰፈር አብዛኛውን ክፍል የሠራ፣ ግንበኛውንም አናጢውንም ቀጣሪ አድርጎ በራሱ ሥር የሚያሠራ ሰው ነበር። ሁለቱ አብረው ንድፉን አወጡ። የመሠረቱ ድንጋይ በጁን 1845 ተጣለ፤ ቤተሰቡ በሴፕቴምበር 1846 የመጀመሪያዋን ሌሊት በአዲሱ ቤት አደረ። አሮጌው ቤት በ1848 ፈረሰ፤ የአሽከሮችና የእንግዶች ክፍሎች የሚገኙበት ትልቁ ክንፍ በ1851 ተጠናቀቀ።

አልበርት የሶለንትን ባሕር ሲያዩ የኔፕልስ ወሽመጥ ትዝ ይላቸው ነበር። ስለዚህ ቤቱ የኢጣሊያ ገጠር ቪላ መልክ ተሰጠው፤ ሁለት ረጃጅም ማማዎች፣ አንዱ ለሰንደቅ ዓላማ አንዱ ለሰዓት፣ ወደ ባሕሩ የሚወርዱ እርከኖች፣ ፏፏቴዎችና ሐውልቶች አሉት። ግድግዳው ግን ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ አይደለም፤ ጡብ ነው፤ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኖ ድንጋይ እንዲመስል ተደርጓል። ወለሎቹ እሳት እንዳያቃጥላቸው በብረት አግዳሚዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ቤቱ በጊዜው ዘመናዊ የሚባል ነበር፤ የንግሥቲቱና የልዑሉ የግል መታጠቢያ ክፍሎች ነበሩት። የክፍሎቹ አደረጃጀት ደግሞ የባልና ሚስቱን ሐሳብ በግልጽ ይናገራል። ምድር ቤቱ የእንግዳ መቀበያና የምግብ አዳራሽ፣ አንደኛ ፎቁ የባልና ሚስቱ የግል ክፍሎች፣ ከእነርሱ በላይ የሕፃናቱ ክፍሎች። በዚያ ዘመን ከነበሩ መኳንንት ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ራቅ ባለ የቤቱ ክንፍ ያሳድጉ ስለነበር፣ የንግሥቲቱ ክፍል ከልጆቹ ክፍል በታች መሆኑ ትርጉም አለው። በግቢው ሁሉ ቪ እና ኤ የተባሉት የስማቸው መጀመሪያ ፊደላት ተጠላልፈው ተቀርጸዋል። እንደ እኔ አስተያየት ኦዝቦርን ቤተ መንግሥት የሆነ ቤት ሳይሆን፣ ቤት ለመሆን የሞከረ ቤተ መንግሥት ነው።

ለልጆቹ በ1853 እና በ1854 በግቢው ጫፍ ከእንጨት የተሠራ የስዊዘርላንድ ገበሬ ቤት የመሰለ ጎጆ ተሠራላቸው። ትንሽ ተብሎ መናቅ የለበትም፤ በልጅ ቁመት የተሠራ ምድጃ ያለው እውነተኛ ወጥ ቤት ነበረው፤ ልዕልቶቹ ያበስሉበት ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ አትክልት፣ ስሙ የተጻፈበት አካፋና የእጅ ጋሪ ተሰጠው። ያመረቱትን አትክልት አባታቸው በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። የአልበርት የትምህርት ፍልስፍና ይኸው ነው፤ የንጉሥ ልጅ ሥራና ዋጋ ምን እንደሆነ በእጁ ይወቅ የሚል። ዝቅ ብሎ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ የንግሥቲቱ የመዋኛ ጋሪ ነበር፤ ጎማ ያለው ትንሽ የእንጨት ክፍል ሆኖ በሐዲድ ላይ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ንግሥቲቱ ልብሳቸውን ለውጠው ማንም ሳያያቸው ከመጋረጃው ጀርባ ወደ ባሕሩ ይገባሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት በጁላይ 1847 ሲሆን፣ ውኃው ከአንገታቸው በላይ እስኪደርስ ድረስ እንደወደዱት በዕለት ማስታወሻቸው ላይ አስፍረዋል።

ደሴት መሆኑም ጥቅም ነበረው። በ1848 አብዮት አውሮፓን ሲንጥ፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ወደ እንግሊዝ ሸሹ። በኤፕሪል ወር ቻርቲስቶች የተባሉት፣ ለሠራተኛው ሕዝብ የመምረጥ መብት የሚጠይቁ ሰዎች በለንደን ታላቅ ሰልፍ ሲጠሩ መንግሥት ፈርቶ የንግሥቲቱን ቤተሰብ ከሰልፉ በፊት ወደ ኦዝቦርን ላከ። ሰልፉ በሰላም አለፈ።

አልበርት በዲሴምበር 1861፣ በ42 ዓመታቸው፣ በዊንድሰር አረፉ። ንግሥቲቱ ጥቁር ለብሰው ወደ ኦዝቦርን ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ የኖሩትን 39 ዓመታት ልብሰ ሐዘናቸውን አላወለቁም። ቀጥሎ የመጣው ነገር የቤቱን ባሕርይ ለወጠው። ቪክቶሪያ ከለንደን ራቁ እንጂ ንግሥትነታቸውን አልተዉም፤ ስለዚህ መንግሥቱ ወደ እርሳቸው መሄድ ነበረበት። ሚኒስትሮች በባቡር እስከ ጠረፍ፣ ከዚያ በመርከብ ሶለንትን ተሻግረው፣ አንድን ወረቀት ለማስፈረም ወይም ቃለ መሐላ ለመፈጸም ይመጡ ጀመር። በቤቱ ውስጥ የምክር ቤት አዳራሽ የተባለ ክፍል ነበር፤ የንግሥቲቱ አማካሪዎች እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ሕዝቡ ንግሥቲቱን ስላጣ አጉረመረመ፤ በ1864 አንድ ያልታወቀ ሰው በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት አጥር ላይ ይህ ቤት ይከራያል ወይም ይሸጣል የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ተገኘ። ከመሥሪያ ቤቶች ለመሸሽ የተሠራው ቤት ራሱ መሥሪያ ቤት ሆነ። ይህን ያደረገው ማንም አይደለም፤ ንግሥት ባለችበት ሁሉ መንግሥት አለና የግል ርስት የሚለው ሕግ የገንዘቡን ጉዳይ እንጂ የሥልጣኑን ጉዳይ ሊለይ አልቻለም።

ልዑል ዓለማየሁ ወደዚህ ቤት የመጣው በዚህ ወቅት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጃቸው ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘርፎና አቃጥሎ ሲመለስ እናቲቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤና ሕፃኑ አብረው ተወሰዱ፤ እቴጌይቱ ግን ባሕር ሳይደርሱ በመንገድ ላይ አረፉ። ሕፃኑን የያዘው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር፤ በአገራችን ቀደም ሲል የኖረ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ሐበሾች ባሻ ፈለቀ ይሉት የነበረ ቁመተ ረጅም መኮንን ነው። በጁላይ 1868 እንግሊዝ ሲደርሱ ንግሥቲቱ በኦዝቦርን ስለነበሩ ልጁ እዚያ ቀረበላቸው።

ቪክቶሪያ በማስታወሻቸው ላይ ስለ ልጁ በፍቅር ጽፈዋል፤ መልኩን፣ ዓይኖቹን፣ ከስፒዲ ለአፍታም መለየት አለመፈለጉን። እናትና አባቱን በሦስት ወር ውስጥ ላጣ ሕፃን በዓለም ላይ ቋንቋውን የሚሰማለት ይህ ሰው ብቻ እንደነበር ስናስብ፣ መጣበቁ ምንም አያስደንቅም። ልጁ በዚያው ደሴት በስተ ምዕራብ፣ ፍሬሽዎተር በምትባል መንደር ከስፒዲ ጋር ተቀመጠ። የመንደሩ ነዋሪ የነበሩት ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሩን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ፤ ያ ሐዘንተኛ ፊት ያለው፣ ዶቃና ጥልፍ ልብስ የለበሰ ልጅ ብዙዎቻችን የምናውቀው በእነዚህ ሥዕሎች ነው።

ነገር ግን የንግሥቲቱ ርኅራኄ አቅሙ ውሱን ነበር፤ ይህም ከላይ ካነሳሁት የባለቤትነት ጉዳይ ጋር ይያያዛል። ዓለማየሁ የንግሥቲቱ የግል እንግዳ አልነበረም። ማሳደጊያውን የሚከፍለው የመንግሥት ግምጃ ቤት ስለሆነ፣ የት ይኑር፣ ማን ያሳድገው የሚለውን የሚወስነው መንግሥት ነበር። ስፒዲ ሥራ አግኝቶ ወደ ሕንድ ሲሄድ ልጁን ይዞት ሄደ፤ ሲመለሱ ደግሞ መንግሥት ልጁን ከስፒዲ ለየው። በቼልተናም፣ ቀጥሎ በራግቢ፣ ከዚያም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተማረ፤ በአንዳቸውም ደስታ አላገኘም። በኖቬምበር 1879 በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥቲቱ በማስታወሻቸው በባዕድ አገር ብቻውን፣ አንድም ዘመድ ሳይኖረው መሞቱን ጽፈው አዘኑ፤ በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እንዲቀበር አደረጉ። ኢትዮጵያ አፅሙ እንዲመለስላት ደጋግማ ጠይቃለች፤ በ2023 የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን አፅም ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም በማለት ጥያቄውን ውድቅ አድርጓል። ይህ መልስ የሚያረካኝ አይደለም። ንግሥቲቱ ራሳቸው ብቻውን መሆኑ ካሳዘናቸው፣ ወደ ወገኖቹ መመለሱ የእርሳቸውን ቃል መፈጸም እንጂ መጣስ አይሆንም።

ዓለማየሁ ወደ ኦዝቦርን የቀረበ የመጀመሪያው የተማረከ ልዑል እንኳ አልነበረም። የፑንጃብ ንጉሥ የነበረው ዱሊፕ ሲንግ አገሩ በ1849 በእንግሊዞች ከተያዘ በኋላ በ1854 ወደ እንግሊዝ መጥቶ በኦዝቦርን ተስተናግዷል፤ ንግሥቲቱም በእጃቸው ሥዕሉን ነድፈዋል። ንግሥቲቱ በ1876 የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት የሚል ማዕረግ ተቀበሉ፤ ሕንድን ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ስለዚህ ሕንድን ወደ ኦዝቦርን አመጡ። በ1890 እና በ1891 ለእንግዳ መቀበያ የሚሆን አዲስ ክንፍ ተሠራ፤ በውስጡ ያለው ደርባር የተባለው አዳራሽ ከጣሪያ እስከ ግድግዳ በነጭ የተቀረጸ ጌጥ የተሸፈነ ነው። ያስጌጠው ከላሆር የመጣ ባይ ራም ሲንግ የተባለ ድንቅ የእጅ ባለሙያ ነው። ከ1887 ጀምሮም አብዱል ከሪም የሚባል ሕንዳዊ አገልጋያቸው የአገሩን ቋንቋ ያስተምራቸው ነበር፤ ልጆቻቸውና ሹማምንቱ ይህን ቅርበት አጥብቀው ጠልተውታል።

ቤቱ የታሪክ ሌሎች ጊዜያትንም አይቷል። በጃንዋሪ 1878 አሌክሳንደር ግርሃም ቤል አዲስ የፈለሰፈውን ስልክ በኦዝቦርን ለንግሥቲቱ አሳየ፤ ከደሴቷና ከሳውዝሃምፕተን፣ ከለንደንም የመጣ ድምፅ ሰሙ። ንግሥቲቱ እጅግ ተደነቁ።

ቪክቶሪያ በጃንዋሪ 22 ቀን 1901 አመሻሽ ላይ በኦዝቦርን መኝታ ክፍላቸው አረፉ፤ 81 ዓመታቸው ነበር። ከአጠገባቸው ከነበሩት አንዱ የልጅ ልጃቸው የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም ነበር። አስከሬናቸው በሶለንት ላይ ግራና ቀኝ በተሰለፉ የጦር መርከቦች መካከል ወደ ዋናው ምድር ተሻገረ።

ንግሥቲቱ ኦዝቦርን በቤተሰቡ እጅ እንዲቆይ ይመኙ ነበር። ልጃቸው ንጉሥ ሳብዓዊ ኤድዋርድ ግን አልፈለጉትም። ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። ከ1862 ጀምሮ በኖርፎክ ሳንድሪንግሃም የተባለ የራሳቸው ርስት ነበራቸው፤ የልጅነታቸው ጥብቅ አስተዳደግ ትዝታ ያለበትን፣ ከለንደን በባሕር የተለየ፣ ብዙ ሠራተኛ የሚፈልግ ቤት ከራሳቸው ኪስ ማስተዳደር አልታያቸውም። ወንድ ልጃቸውም ሆኑ እህቶቻቸው ትልቁን ቤት ሊረከቡ አልፈለጉም። የግል ርስት ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ የዘውዱ ቤት ቢሆን ኖሮ ወራሹ ወደደም ጠላ ቤቱ ይቀጥላል፤ ጥገናውም በመንግሥት ይሆናል። የግል ርስት ግን የሚወደው ሰው ሲሞት አብሮት አደጋ ላይ ይወድቃል። ኤድዋርድ በነሐሴ ወር፣ ኦገስት 9 ቀን 1902፣ ዘውድ በጫኑበት ዕለት ኦዝቦርንን ለአገሪቱ ሰጡ። ስጦታውን ሕጋዊ ለማድረግ ፓርላማው በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሦስት ተከፈለ ማለት ይቻላል። የእንግዳ መቀበያ ክፍሎቹ ከ1904 ጀምሮ ለሕዝብ ተከፈቱ። ትልቁ ክንፍ ለታመሙና ለቆሰሉ መኮንኖች ማገገሚያ ሆነ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ብዙ ሰው አስተናግዷል፤ እስከ 2000 ድረስም ሠርቷል። የፈረሶቹ ጋጣ አካባቢ ደግሞ ከ1903 እስከ 1921 የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ሆነ። ገና የ13 ዓመት ልጆች ይገቡበት የነበረ ሲሆን፣ የኋላዎቹ ነገሥታት ሳምናዊ ኤድዋርድና ሳድሳዊ ጆርጅ በልጅነታቸው በቅድመ አያታቸው ጋጣ ግቢ ለመርከበኝነት ተምረዋል። በ1908 በዚሁ ትምህርት ቤት ጆርጅ አርቸር ሺ የተባለ የ13 ዓመት ተማሪ የአምስት ሺሊንግ የፖስታ ገንዘብ ማዘዣ ሰርቀሃል ተብሎ ተባረረ። አባቱ አላመነም፤ ኤድዋርድ ካርሰን የተባሉ ታላቅ ጠበቃ ጉዳዩን ያዙ፤ ከባሕር ኃይሉ ጋር ከተሟገቱ በኋላ በ1910 መንግሥት ልጁ ንጹሕ መሆኑን አምኖ ተቀበለ። ልጁ ከአራት ዓመት በኋላ በኢፕር ጦር ሜዳ ሞተ።

የንግሥቲቱና የአልበርት የግል ክፍሎች ግን ከስጦታው በኋላም ለአንድ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተዘግተው ቆዩ። ቤቱ ለአገር ተሰጠ እንጂ እነዚያ ክፍሎች እንደ ቤተሰብ መታሰቢያ ተቆጥረው ነበር። የተከፈቱት በ1954፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ፈቃድ ነው። ከ1986 ወዲህ ቤቱን የሚያስተዳድረው እንግሊዝ ውስጥ ታሪካዊ ቅርሶችን የሚጠብቀው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ የግል የነበረው የባሕር ዳርቻም በ2012 ለጎብኚ ተከፈተ።

ኤድዋርድ ኦዝቦርንን ባይሰጡት ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማየት ለሚፈልግ፣ የ1936ቱን ነገር ማስታወስ ይበቃል። የልጅ ልጃቸው ሳምናዊ ኤድዋርድ ዘውዱን ለቀው ሲሄዱ የበኪንግሃምና የዊንድሰር ቤቶች ያለ ምንም ክርክር ወደ ወንድማቸው ወደ ሳድሳዊ ጆርጅ አለፉ። በስኮትላንድ ያለው ባልሞራልና ሳንድሪንግሃም ግን በውርስ ያገኟቸው የግል ርስቶቻቸው ስለነበሩ ከዘውዱ ጋር አልተላለፉም። አዲሱ ንጉሥ ሁለቱን ከወንድማቸው በገንዘብ መግዛት ነበረባቸው፤ በዋጋውም ላይ በወንድማማቾቹ መካከል ብዙ ክርክር ተደርጓል። ኦዝቦርን በዚያ ድርድር ውስጥ አልነበረም፤ ከአገሪቱ እጅ ከገባ 34 ዓመታት አልፈው ነበር።